ይህ ላባ የማን ነው? የበቀቀንን ዝርያ በላባው ስለ መለየት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የብርሃን ትምህርት የማስተምራት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ክፍለ ጊዜው እንዳበቃ ሁለት ላባዎች በደብተሯ ገጾች መካከል ይዛ ወደ እኔ መጣች። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ያገኘቻቸው ነበሩ። አንደኛው ላባ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና ጠንካራ አገዳ ያለው፣ አንድ ጠርዙ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ግን የጠቆረ ነው። ሁለተኛው ከትንሽ ጣት ብዙም የማይረዝም፣ ለስለስ ያለና ላይኛው ክፍሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው። «ዶክተር፣ እነዚህ ላባዎች የማን ናቸው?» ስትል ጠየቀችኝ። ብዙም ሳላስብ «የበቀቀን ናቸው» አልኳት። «ሁለቱም?» አለች። «አዎን፣ ሁለቱም አረንጓዴ አይደሉም እንዴ?» ስል መለስኩላት።

ከመልሴ ግማሹ ስሕተት ነበር። ስሕተቱን የገለጠውም ከጥቂት ቀናት በፊት እኔው ራሴ በሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ትምህርት ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ስሕተት ታሪክ ሲሆን፣ ዓላማው የበቀቀን ላባ ቀለሙን ከየት እንደሚያገኝና የቀለሙን ምንጭ ማወቅ የወፉን ዝርያ ለመለየት እንዴት እንደሚረዳ ለአንባብያን ማስረዳት ነው።

ጥያቄው ለምን ይጠቅማል?

የአንድን ላባ ባለቤት ማወቅ ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል የሚደረግ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በቀቀኖች በዓለም ላይ ለንግድ እጅግ ከሚፈለጉት አእዋፍ መካከል ናቸው። በዚህም ምክንያት ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ የሚመራበት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. የተፈረመውና ሳይቲስ በመባል የሚታወቀው ስምምነት፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉንም የበቀቀን ዝርያዎች በቁጥጥር ሥር አድርጓቸዋል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት።

ስምምነቱ ዝርያዎቹን እንደ አደጋቸው መጠን በተለያዩ ዝርዝሮች ይመድባቸዋል። ለምሳሌ የአፍሪካው ግራጫ በቀቀን እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ጥብቅ በሆነው በአንደኛው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። አብዛኞቹ ሌሎች በቀቀኖች በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። በአንጻሩ በአፍሪካና በእስያ በስፋት የሚኖረው፣ በአንገቱ ዙሪያ ቀለበት መሰል መስመር ያለው በቀቀን ከሁለቱም ዝርዝሮች ውጭ ነው። እንግዲህ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ በሻንጣ ውስጥ ጥቂት አረንጓዴ ላባዎች ቢያገኝ፣ ጉዳዩ በሕግ የሚያስጠይቅ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው በዝርያው ስም ነው። ስሙን የሚነግረው ወፍ ግን በቦታው የለም፤ ያለው ላባ ብቻ ነው።

የላባ አሠራር

ላባ የሚሠራው ከኬራቲን ነው። ኬራቲን ጥፍራችንና ፀጉራችን የተሠሩበት የፕሮቲን ዓይነት መሆኑ ይታወቃል። በላባው መካከል የሚያልፈውን ዋና አገዳ ግራና ቀኝ የጎን ቅርንጫፎች ይይዙታል፤ ከእነዚህ ላይ ደግሞ በዐይን የማይታዩ ንዑስ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። ንዑስ ቅርንጫፎቹ በጥቃቅን መንጠቆዎች እርስ በርሳቸው ስለሚያያዙ ላባው አንድ ወጥ ገጽ ይኖረዋል። የተበጠበጠ ላባ በጣታችን ስናሻሸው ተመልሶ የሚገጥመው በእነዚህ መንጠቆዎች ምክንያት ነው።

የበቀቀንን አረንጓዴ ላባ አንድ የጎን ቅርንጫፍ አቋርጠን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብንመለከት ሦስት ነገሮች እናገኛለን። ከላይ ቢጫ ቀለም ሰጪ ውሁድ ያለበት የኬራቲን ሽፋን አለ። ከሥሩ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት፣ ቀዳዳዎቹም በአየር የተሞሉ የኬራቲን ክፍል ይገኛል። ከሁሉ በታች ሜላኒን የተባለው ጥቁር ቀለም ሰጪ ጥቃቅን እንክብሎች ተደርድረዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አረንጓዴ የሆነ ምንም ነገር የለም።

አረንጓዴ የሌለበት አረንጓዴ

ታዲያ አረንጓዴው ከየት መጣ? ነጭ ብርሃን የቀለማት ሁሉ ድብልቅ ነው። ብርሃኑ ላባው ላይ ሲያርፍ ቢጫውን ሽፋን አልፎ ወደ ስፖንጁ ይገባል። ስፖንጁ አጭር የሞገድ ርዝመት ያላቸውን፣ ማለትም የሰማያዊና በአቅራቢያው ያሉትን የአረንጓዴ ጨረሮች መልሶ ይልካል። ረጅም ሞገድ ያላቸው ቀይና ብርቱካናማ ጨረሮች በአብዛኛው አልፈው ሄደው በሜላኒኑ ይዋጣሉ። ተመላሹ ብርሃን እንደገና በቢጫው ሽፋን ሲያልፍ ሽፋኑ ሐምራዊውንና ሰማያዊውን ጨረር ያስቀረዋል። ከሁለቱም ወንፊት የሚተርፈውና ወደ ዐይናችን የሚደርሰው በዋናነት አረንጓዴው ነው። ያን ዲክ የተባለው የዴንማርክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. በደቡባዊ ምዕራብ አፍሪካ በሚኖር አንድ ትንሽ የበቀቀን ዝርያ ላይ ባደረገው ጥናት ይህን የላባ አሠራር ከሚያንጸባርቀው ብርሃን ጋር አገናዝቦ አቅርቦታል።

ቢጫውን የሚሰጠው ውሁድ ራሱ የተለየ ነው። ብዙ ሌሎች አእዋፍ ቢጫና ቀይ ቀለማቸውን የሚያገኙት ከምግባቸው ከሚወስዷቸው ካሮቲኖይዶች ነው፤ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ውሁድ ከዚህ ወገን ነው። በቀቀኖች ግን ሲታኮፉልቪን የሚባሉ ውሁዶችን በሚያድገው ላባ ውስጥ ራሳቸው ያመርታሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. የታተመ ጥናት የ44 በቀቀን ዝርያዎችን ቀይ ላባዎች መርምሮ በሁሉም ውስጥ የዚህኑ ወገን ውሁዶች አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የእነዚህ ውሁዶች የሞለኪውል ጫፍ ሲለወጥ ቀለሙ ከቀይ ወደ ቢጫ እንደሚሄድ፣ ለውጡንም አንድ ኤንዛይም እንደሚቆጣጠረው አሳይቷል።

የሰማይና የላባ ሰማያዊነት አንድ ነውን?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። እኔ በተማርኩባቸው የቆዩ መጻሕፍት ውስጥ የላባ ሰማያዊነት የሚብራራው በሰማይ ሰማያዊነት ነበር። የአየር ሞለኪውሎች አጭር ሞገድ ያለውን ብርሃን ከረጅሙ ይልቅ አብልጠው ይበትናሉ፤ የሚበተነው ብርሃን መጠን ከሞገድ ርዝመቱ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል። ስለዚህ 400 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን 700 ናኖሜትር ካለው ከ9 ጊዜ በላይ አብልጦ ይበተናል። በላባው ውስጥ ያሉት የአየር ቀዳዳዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ ይባል ነበር። እኔም ተማሪዎቼን ይህንኑ አስተምሬአለሁ።

ማብራሪያው ትክክል ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር መታየት ነበረበት። የሞገዱ ርዝመት ባጠረ ቁጥር ተመላሹ ብርሃን ሳያቋርጥ እየጨመረ መሄድ፣ በዐይን ከማይታየው የአልትራቫዮሌት ክልል ሲደርስም ከሁሉ በላይ መብዛት ነበረበት። ሰማያዊ ላባዎች ሲለኩ የሚገኘው ግን ይህ አይደለም። ተመላሹ ብርሃን በአንድ የሞገድ ርዝመት አካባቢ ከፍ ብሎ ከዚያ በኋላ ይወርዳል። ሰማይ እንዲህ ያለ ጉብታ የለውም።

ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ሪቻርድ ፕረምና ባልደረቦቹ በደቡብ አሜሪካ በሚኖር የአንድ ሰማያዊ ወፍ ላባ ላይ ባደረጉት ጥናት ግልጽ ሆነ። ወፉ በቀቀን አይደለም፤ የላባው ስፖንጅ ግን ከበቀቀን ስፖንጅ ጋር ተመሳሳይ ነው። ቀዳዳዎቹ ሲታዩ የተዘበራረቁ ቢመስሉም በመካከላቸው ያለው ርቀት በአማካይ እኩል ነው። ስለዚህ ከየቀዳዳው የሚመለሱት ሞገዶች እንደ ሰማይ ሞለኪውሎች ሁሉ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው የሚጓዙ አይደሉም፤ ለአንድ የተወሰነ የሞገድ ርዝመት እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ይጣፋሉ።

ቀላል ስሌት እንሥራ። ወደ መጣበት አቅጣጫ ለሚመለስ ብርሃን ሞገዶቹ የሚደጋገፉት የሞገድ ርዝመቱ በግምት የአማካይ ርቀቱና የአማካይ የብርሃን ስብረት መለኪያው ብዜት ሁለት እጥፍ ሲሆን ነው። ግማሹ ኬራቲን፣ ግማሹ አየር የሆነ ስፖንጅ የስብረት መለኪያው 1.3 ያህል ነው። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት 180 ናኖሜትር ነው ብንል፣ 2 ሲባዛ በ1.3 ሲባዛ በ180 ውጤቱ 468 ናኖሜትር ይሆናል፤ ይህም ሰማያዊ ነው። ርቀቱን ወደ 200 ብናሳድገው 520 ናኖሜትር፣ ማለትም አረንጓዴ እናገኛለን። ከአንድ ሚሊ ሜትር 50 ሺህኛ የሆነ የ20 ናኖሜትር ልዩነት የላባውን ቀለም ይለውጠዋል ማለት ነው። የቀዳዳዎቹ አደራደር በየአቅጣጫው ተመሳሳይ በመሆኑም፣ የበቀቀን ሰማያዊ ላባ እንደ ሲዲ ገጽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀለሙን አይለዋውጥም።

ተማሪዬ ያደረገችው ሙከራ

ከዚህ የሚከተል ቀላል ፈተና አለ። የበቀቀን አረንጓዴ የሚፈጠረው ብርሃኑ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ላባውን በዐይናችንና በመስኮቱ መካከል ብንይዘውና ብርሃኑ በላባው ውስጥ አልፎ እንዲደርሰን ብናደርግ፣ ከስፖንጁ ተመላሽ የሆነው ክፍል ወደ እኛ አይመጣም። ስለዚህ አረንጓዴው ደብዝዞ ቡናማና ቢጫማ ጥላ ብቻ ይታያል። አረንጓዴው ከእውነተኛ ቀለም ሰጪ ውሁድ የመጣ ከሆነ ግን ላባው እንደ ባለቀለም መስተዋት ከየትም አቅጣጫ አረንጓዴ ይሆናል።

ተማሪዬ ይህን አስታውሳ ሁለቱን ላባዎች ወደ መስኮቱ ያዘቻቸው። የረጅሙ ላባ አረንጓዴ ጠርዝ ወዲያው ደበዘዘ። ትንሹ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። «ዶክተር፣ ይኼኛው እኮ አልጠፋም» አለችኝ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ።

በአእዋፍ ዓለም እውነተኛ አረንጓዴ ውሁድ እጅግ ብርቅ ነው። በተሟላ ሁኔታ የሚገኘው ቱራኮ በሚባሉት የአፍሪካ አእዋፍ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ነጭ ጉንጭ ያለው ቱራኮ በደጋ ደኖችና ትላልቅ ዛፎች ባሉባቸው ግቢዎች ይኖራል። ውሁዱ ቱራኮቨርዲን ይባላል። በክንፎቻቸው ላይ ያለው ደማቅ ቀይ ደግሞ ቱራሲን የተባለ መዳብ ያለበት ውሁድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1869 ዓ.ም. አርተር ቸርች የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ምንነቱን መርምሮ ስሙን አውጥቶለታል። ይህ ቀይ ቀለም በደካማ አሞኒያ ውስጥ ሟሟቶ ሊወጣ ይችላል፤ የበቀቀን ቀይ ግን በዚህ መንገድ አይለቅም።

ቀለም ብቻውን ለምን አይበቃም?

እንግዲህ ሁለት አረንጓዴ ላባዎች ከሁለት ፍጹም ከተለያዩ ወገኖች ሊመጡ እንደሚችሉ አየን። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ የአንድ ዝርያ ላባዎች የተለያየ ቀለም ሊኖራቸው ይችላል። በቤት ከሚረቡ በቀቀኖች መካከል ቢጫው ውሁድ የሌላቸው ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ሜላኒን የሌላቸው ቢጫ ይሆናሉ፤ ሁለቱም የሌሏቸው ነጭ ይሆናሉ። በሜላኒን የሚዋጠው ብርሃን ሁሉ ሲመለስ የስፖንጁ ሰማያዊ በነጭ ብርሃን ይሸፈናልና ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ትንሹን የአውስትራሊያ በቀቀን ሰማያዊ የሚያደርገው በአንድ ዘረ መል ላይ የሚደርስ የአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ ነው። ስለዚህ «አረንጓዴ ነውና የእገሌ ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ቀለም ፍንጭ ነው እንጂ ምስክር አይደለም።

የኢትዮጵያ በቀቀኖችና የመለያ ቅደም ተከተል

አንድ ላባ የበቀቀን መሆኑ ከታመነ በኋላ ዝርያውን ለመለየት በመጀመሪያ የሚጠየቀው ላባው የተገኘበት ቦታ ነው። በአገራችን ከሚኖሩት በቀቀኖች አራቱን እንመልከት፤ ስሞቹን እዚህ የምጠቀመው እንደ መልካቸው ነው።

ጥቁር ክንፍ በቀቀን፣ በሳይንሳዊ ስሙ አጋፖርኒስ ታራንታ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ብቻ የሚኖር ሲሆን 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፤ የሴቷ አረንጓዴ ነው። የወንዱ ክንፍ ከሥሩ ሲታይ ጥቁር ነው። በአዲስ አበባ ግቢዎችም ይታያል። ቢጫ ግንባር በቀቀን፣ ፖይሴፋለስ ፍላቪፍሮንስ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ የደን ወፍ ነው፤ ርዝመቱ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ፊቱና አናቱ ቢጫ፣ የቀረው አካሉ አረንጓዴ ነው። ብርቱካናማ ሆድ በቀቀን ግራር የበዛባቸውን ደረቅ አካባቢዎች ይመርጣል፤ ወንዱ በሆዱ ቀለም ይታወቃል። ባለ ቀለበቱ በቀቀን ረጅም ጅራቱን ጨምሮ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የቆላ ወፍ ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ላባው ከየትኛው የአካል ክፍል መሆኑ ነው። የክንፍ ጫፍ ላባ አገዳው ጠንካራ ነው፤ የአገዳው አንድ ወገን ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ይሆናል፤ ጠባቡ ወገን አየሩን የሚቀዝፈው የፊት ጠርዝ ነው። የጅራት መካከለኛ ላባ ሁለቱ ወገኖቹ እኩል ናቸው። የደረት ላባ ለስላሳና ከሥሩ ጭገር መሰል ነው።

ሦስተኛው መለኪያ ርዝመት ነው። ተማሪዬ ያመጣችው ረጅም ላባ አንድ ወገኑ ጠባብ ስለሆነ የክንፍ ጫፍ ላባ ነው። የ28 ወይም የ40 ሳንቲ ሜትር ወፍ ዋና የክንፍ ላባ በ8 ሳንቲ ሜትር አይወሰንም። ለ16 ሳንቲ ሜትር ወፍ ግን ተስማሚ ነው። በተቃራኒው 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የጅራት ላባ ብናገኝ፣ ከወፉ ሙሉ አካል ስለሚበልጥ ጥቁር ክንፉን በቀቀን ያለ ጥርጥር እናስወጣዋለን። ቦታውም ደጋ ነው። ስለዚህ ሁሉም ምልክቶች ወደ ጥቁር ክንፉ በቀቀን ያመለክታሉ።

ዐይንና ማስመሪያ ሲያንሱ

ጉዳዩ በፍርድ ቤት የሚታይ ከሆነ «ያመለክታሉ» ማለት አይበቃም። ብርሃንን በየሞገድ ርዝመቱ የሚለካው ስፔክትሮሜትር ለዐይን አንድ የሚመስሉ ሁለት አረንጓዴዎችን ለይቶ ያሳያል፤ አልትራቫዮሌቱንም ይለካል። ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ በቀቀኖች ራሳቸው አልትራቫዮሌት ያያሉና። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. የታተመ ሙከራ እንዳሳየው የአውስትራሊያው ትንሽ በቀቀን የአናት ቢጫ ላባዎች አልትራቫዮሌት ሲያርፍባቸው መልሰው የሚያበሩት ብርሃን፣ ወንዱና ሴቷ እርስ በርስ ለመመራረጥ ይጠቅማቸዋል። በሌዘር የሚሠራው የራማን ስፔክትሮስኮፒ ደግሞ ላባውን ሳያበላሽ ሲታኮፉልቪንን ከካሮቲኖይድ ይለያል። እነዚህ መሣሪያዎች ወገኑን ያጠባሉ። የዝርያውን ስም እርግጠኛ የሚያደርገው በላባው አገዳ ሥር ከሚቀሩት ሴሎች የሚወጣው ዲ.ኤን.ኤ. ነው።

ከዲ.ኤን.ኤ.ውም ሆነ ከስፔክትረሙ በፊት ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም የታወቀ ናሙና ነው። የማይታወቅ ላባ የሚታወቀው ከታወቀ ላባ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። በአራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያሉት የአእዋፍ ናሙናዎች ዋጋቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙ ተማሪዎች በበሩ አልፈው ይሄዳሉ፤ ጥቂቶች ይገባሉ።

እኔና ተማሪዬ ገባን። ረጅሙን ላባ ከጥቁር ክንፉ በቀቀን ክንፍ አጠገብ ስናስቀምጠው በርዝመትም በቅርጽም ገጠመ። ትንሹ ደግሞ ከነጭ ጉንጩ ቱራኮ የደረት ላባዎች ጋር አንድ ሆነ። ሁለቱ ወፎች በአንድ ዛፍ ላይ አርፈው፣ ሁለቱም አረንጓዴ ሆነው፣ አረንጓዴያቸውን ግን ከሁለት የተለያዩ መንገዶች አግኝተውታል።

አንባብያንም መንገድ ላይ የወደቀ አረንጓዴ ላባ ቢያገኙ ይህን እንዲሞክሩ እጋብዛለሁ። ቦታውንና ቀኑን ይጻፉ፤ ርዝመቱን ይለኩ፤ የአገዳው ሁለት ወገኖች እኩል መሆናቸውን ይመልከቱ፤ ከዚያም ወደ ብርሃን ይያዙት። የማን እንደሆነ ለመናገር ግን አይቸኩሉ። እኔ ቸኩዬ ተሳስቻለሁ፤ ያረመችኝም መስኮት አጠገብ የቆመች ተማሪ ናት።